አፋቸው የተዘጋ ፍጥረታት፦ እንስሳትና ክርስቲያናዊ አደራ በድሬዳዋ

በክርስትና ትምህርት እንስሳ የሰው ንብረት ከመሆኑ በፊት የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ወፍና ዓሣ በአምስተኛው ቀን ተፈጥረው ተባርከዋል፤ የምድር አራዊትና እንስሳት ደግሞ ሰው በተፈጠረበት በስድስተኛው ቀን ተፈጥረዋል። ፈጣሪ እነዚህን ፍጥረታት አይቶ መልካም መሆናቸውን የመሰከረው ሰው ገና ሳይፈጠር ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል እንጂ ትልቅ ቁም ነገር አለበት። የእንስሳ መልካምነት በሰው ጥቅም የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ የሚጠቀምበት ሰው ሳይኖር መልካም ባልተባለ ነበር። ስለዚህ ሰው ለእንስሳ የሚያደርገው እንክብካቤ ደግ ሰው ሲመቸው የሚሠራው ትርፍ ሥራ ሳይሆን የአደራ ጥበቃ ነው፤ ባለአደራ ደግሞ ይጠየቃል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላው የክርስትና ዓለም እምብዛም የማይጠቅሳቸው ሁለት ምስክሮች አሏት። መጽሐፈ ሔኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ይዘታቸው ተጠብቆ ለዘመናችን የደረሰው በግእዝ ነው፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራ የያዘቻቸውም ይህችው ቤተ ክርስቲያን ከኤርትራ እኅቷ ጋር ናት። ኩፋሌ እንደሚያስረዳው እንስሳት ሁሉ በገነት ሳሉ በአንድ ቋንቋ እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር። አዳም ከገነት በወጣበት ዕለት ግን የሁሉም አፍ ተዘጋ፤ እነርሱም ከገነት ወጥተው እንደየወገናቸው ወደተመደበላቸው ስፍራ ተበተኑ። ሔኖክ በበኩሉ ከጥፋት ውኃ በፊት ምድርን ያረከሰውን በደል ሲዘረዝር፣ ረዓይት የተባሉት ግዙፋን በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በአዕዋፍና በአራዊትም ላይ እንደበደሉ ይናገራል። እንስሳን መበደል በዚህ መጽሐፍ ራሱን ችሎ የቆመ ኃጢአት ነው።

ከእነዚህ ሁለት ምስክሮች የሚወጣው ሐሳብ ከባድ ነው። እንስሳ ዝም የሚለው ከጥንት ተፈጥሮው እንዲያ ስለነበረ አይደለም፤ ዝምታው ከሰው ውድቀት ጋር የመጣ ነው። አዳም የበላው ፍሬ የእንስሳትን አንደበት ዘጋ። ይህ ከሆነ መናገር የማይችል አህያ የሚደበድብ ሰው የሚደበድበው በእርሱ ወገን ጥፋት ድምፁን ያጣ ፍጥረት ነው። እንስሳ ስሞታውን ማሰማት ስላልቻለ የሰው ግዴታ አይቀልም፤ እንዲያውም ይከብዳል። መጽሐፍ ቅዱስ የዚያ አፍ ለአንድ አፍታ የተከፈተበትን ታሪክ በኦሪት ዘኍልቍ አስቀምጧል። የበለዓም አህያ አንደበት በተሰጣት ጊዜ ምግብም ዕረፍትም አልጠየቀችም፤ ምን በድዬህ ነው ሦስት ጊዜ የመታኸኝ ስትል ጠየቀች። መልአኩም ለበለዓም ሲገለጥ መጀመሪያ ያነሣበት ይህንኑ የአህያዋን ጥያቄ ነው። ነቢይ ነኝ ባዩ ያላየውን መልአክ ያየችው ደግሞ እርሷ ነበረች።

ሰው በእንስሳት ላይ ሥልጣን ተሰጥቶት የለም ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ሥልጣኑ ተሰጥቶታል፤ ዘፍጥረት በምዕራፍ አንድ በግልጽ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከሥልጣኑ ቀጥሎ፣ ለሰው እህልና የዛፍ ፍሬ፣ ለእንስሳትም ለምለም ሣር ምግብ ሆኖ ተሰጠ። የመጀመሪያው ገዢ ከተገዢዎቹ ሥጋ እንዲበላ ፈቃድ አልነበረውም ማለት ነው። ሥጋ መብላት የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ሲሆን፣ ያም ደም እንዳይበላ ከሚል ገደብ ጋር ነው። በዚያው ምዕራፍ እግዚአብሔር ኪዳኑን ሲያቆም ደግሞ ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ አላቆመም፤ ከመርከቢቱ ከወጡት ወፎች፣ እንስሳትና አራዊት ሁሉ ጋርም አቁሟል። ቢላዋና ኪዳን በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል፤ አንዱን አንብቦ ሌላውን መዝለል አይቻልም።

ድሬዳዋ ይህን ትምህርት ለመፈተን የተመቸች ከተማ ናት። በአካባቢዋ የሰውና የእንስሳ ጉርብትና ከከተማዋ ዕድሜ እጅግ ይረዝማል፤ በለገ ኦዳ የድንጋይ ጥላ ሥር የጥንት ሰዎች የሳሏቸው ሻኛ የሌላቸው ከብቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከተማዋ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ነገር ግን ባቡሩ ያራገፈውን ዕቃ ከለገሃሬ ወደ መጋላና ወደ ገጠሩ ያደረሰው የእንስሳ ጀርባ ነው። ዛሬም ባጃጅ የጋሪን ቦታ በብዛት ቢወስድም፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ግመልና አህያ ከሰው እየተጋፉ ያልፋሉ፤ ፍየሎች ከየመቃሚያው የተጣለውን ገራባ ይለቅማሉ፤ ድመቶች በሥጋ ቤት ደጃፍ ይውላሉ። ክርስቲያኑ በዚህች ከተማ ቁጥሩ ያነሰ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶ ነዋሪ 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተከታይ ነበር። ስለዚህ ክርስቲያናዊ አያያዝ ምን እንደሚመስል የሚያየው ጎረቤት ሁልጊዜ አለ።

አህያ የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። የዘር ጥናቶች እንደሚያመለክቱት አህያ ለማዳ የሆነው ከ7000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ነው። የቅድመ አያቱ ዘር የሆነው የዱር አህያም ከድሬዳዋ በስተሰሜን በሚዘረጋው የአፋር በረሃ በጣት በሚቆጠር መጠን ተርፎ ይገኛል። በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ ኢዮብን ሲጠይቅ፣ የሜዳ አህያን አርነት ያወጣውና ጨዋማውን ምድር ቤት አድርጎ የሰጠው ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል። የአፋርን የጨው ሜዳ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክፍል ከሩቅ አገር እንደመጣ ምሳሌ አያነበውም። እዚያ በነፃነት የሚኖረውና እዚህ ደቻቱ ወንዝ ዳር ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋ የሚጫነው አንድ ዘር ናቸው።

ያ ጭነት ቀረብ ተብሎ ሊታይ ይገባል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች የቀጠፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ አሸዋው ለግንባታ ይዛቃል። አህያው ግራና ቀኝ ሁለት ማዳበሪያ ይንጠለጠልበታል። ከሥር ያለው ድሪቶ ሲሳሳ ጭነቱ በቀጥታ የጀርባ አጥንቱ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ወገን ከሌላው ከከበደ ሸክሙ እየተንሸራተተ ቆዳውን ይልጣል። በሆዱ ዙሪያ የሚጠብቀው ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ በጭራው ሥር የሚያልፈውም እንዲሁ። ቁስሉ ገና ሳይደርቅ በማግሥቱ እንደገና ይጫናል፤ ዝንብ ይሰፍርበታል፤ አህያው ገጣባ ይሆናል። አህያ ሕመሙን ደብቆ የሚሠራ እንስሳ ነው። ፈረስ በሚያነክስበት ሕመም አህያ ይራመዳል፤ በዚህም ምክንያት ባለቤቱ ደህና ነው ብሎ ያስባል። የሚያድነው ነገር ደግሞ ውድ አይደለም፦ በገለባ የተሞላ ወፍራም የጨርቅ መደላድል፣ የተመጣጠነ ጭነት፣ ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ፣ ከቀትር በፊት ውኃና ጥላ። የድሬዳዋን የሰኔ ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የመጨረሻውን አይንቅም።

ኦሪት በዚህ ጉዳይ ላይ የምትሰጠው ትእዛዝ አስገራሚ ዝርዝር አለው። የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር፣ በሬና አህያ በአንድ ቀንበር እንዳይጠመዱ፣ እናት ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር አብራ እንዳትወሰድ ታዛለች። ከሁሉ የሚከብደው በኦሪት ዘጸአት የተጻፈው ነው፤ የጠላትህ አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታየው ትተኸው አትለፍ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆነህ አንሣው የሚል መንፈስ ያለው ትእዛዝ ነው። ከጠላት ጋር ያለ ቂም ወደ አህያው አይሸጋገርም፤ እንዲያውም የወደቀው አህያ ሁለቱን ጠላቶች ጎን ለጎን አቁሞ አብረው እንዲያነሡ ያደርጋቸዋል። ጌታም በሉቃስ ወንጌል በሰንበት ስለመፈወስ ሲከራከር፣ በሬውን ወይም አህያውን በሰንበት ከግርግም ፈትቶ ውኃ የማያጠጣ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚሠራው መልሱን ማንም ስለማይክደው ነው፤ እንስሳን ማጠጣት ከሰንበት ሕግ በላይ የቆመ ግዴታ መሆኑ ለተቃዋሚዎቹ እንኳ ግልጽ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት ብላ ታከብራለች። የሰንበት ትእዛዝ ደግሞ በሬውንና አህያውን በስም ጠርቶ ዕረፍት ይሰጣቸዋል። ነጠላውን ለብሶ ሊያስቀድስ ሲሄድ አህያውን ለሌላ አከራይቶ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰንበት ነው ያከበረው።

የአገሪቱ ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንስሳን በአደባባይ በጭካኔ መደብደብንና ማንገላታትን በደንብ መተላለፍ ይቀጣል። ይህ ድንጋጌ ሲሠራበት ብዙም አይታይም፤ በዚህ ረገድ ከፖሊስ ይልቅ የንስሐ አባት ጥያቄ ይበልጥ ሊሠራ ይችላል።

ጾም የኢትዮጵያ ክርስቲያን ከእንስሳ ጋር ያለው ግንኙነት በግልጽ የሚታይበት ሥርዓት ነው። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል አይቀምሱም። የጾሙ ዋና ዓላማ ንስሐና ራስን መግዛት እንጂ የእንስሳት ጥበቃ አይደለም። ሆኖም የጾም ገበታ ለአዳም በገነት የተሰጠው ገበታ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም፤ ጿሚው ደም ወዳልፈሰሰበት ዘመን ለጊዜው ይመለሳል። በጾመ ነነዌ የሚታሰበው ታሪክ እንስሳቱን ከነጭራሹ ከጿሚዎቹ ጋር ይቆጥራቸዋል። የነነዌ ንጉሥ ሰውም ከብትም እንዳይቀምሱና ማቅ እንዲለብሱ አወጀ፤ በመጽሐፉ ፍጻሜም እግዚአብሔር ለዮናስ ለከተማይቱ የሚራራበትን ምክንያት ሲነግረው፣ ከመቶ ሃያ ሺህ በላይ ከሆነው ሕዝብ ጋር ብዙ እንስሳትም እንዳሉባት ይጠቅሳል። የመጽሐፈ ዮናስ የመጨረሻ ቃል ስለ እንስሳት ነው።

ይሁንና ጾሙ በጓሮ ያለውን እንስሳ ሁልጊዜ አይጠቅመውም። በትግራይ በመቀሌ አካባቢ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጅቦች በዐቢይ ጾም ወቅት የሚመገቡትን ከእዳሪያቸው መርምሮ ነበር። ሰው ሥጋ መብላት ሲያቆም የሥጋ ቤትና የጓሮ ትራፊ ይጠፋል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። በጾሙ ሳምንታት በእዳሪው ውስጥ የተገኘው የአህያ ጠጉር በግልጽ ጨምሮ ታየ፤ ጾሙ ሲፈታ ቀነሰ። ጥናቱ ጾምን የሚነቅፍ አይደለም። ክርስቲያኑ ግን ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይማራል፤ በሌሊት ጅብ በሚዞርበት የከተማ ዳርቻ የሚኖር ጿሚ በሁዳዴ አህያውን ውጭ ማሳደር የለበትም። የራሱን ገበታ ሲያስተካክል የጎረቤቱን የጅቡንም ገበታ እያስተካከለ ነውና።

ለድሬዳዋ ምእመን ቅርብ የሆነው ሌላው ምሳሌ ቁልቢ ነው። ራስ መኰንን ያሠሩት የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከመላው አገሪቱ ምእመናንን ይሰበስባል። ድሬዳዋ ዋና መግቢያ ናት፤ መንገደኛው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከስለቱ መካከል ሰንጋ፣ በግና ፍየል አሉበት። የታኅሣሡ በዓል መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያዳነበት መታሰቢያ ነው። እነዚያ ሦስት ወጣቶች በእሳቱ መካከል ቆመው ባቀረቡት ምስጋና የባሕር ዓሣዎችን፣ የሰማይ ወፎችን፣ አራዊትንና እንስሳትን ሁሉ አብረዋቸው እንዲያመሰግኑ ጠርተዋል። በዓሉም የሚውለው በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ ምእመኑ በዕለቱ ሥጋ አይበላም። እንግዲህ በዚያ ቀን በዳገቱ ላይ የሚነዳው ሰንጋ ለምስጋና ከተጠሩት አንዱ ነው። በመኪና ጣሪያ ላይ አራት እግሩ ታስሮ በጠራራ ፀሐይ የሚጓዝ በግ፣ እግሯ ተጠፍሮ ቁልቁል የምትንጠለጠል ዶሮ ለመልአኩ የተሳለ ስጦታ ናቸው ብሎ ማሰብ ይቸግራል። ስለት ከቤት ደጃፍ ይጀምራል፤ መንገዱም የስለቱ አካል ነው። በተራ ቀን ለቤት የሚታረደውም ቢሆን በስመ አብ ተብሎ የሚታረደው ነፍሱ የሌላ ባለቤት መሆኗ ስለሚታወቅ ነው። ይህ ቃል የተጠራበት ቢላዋ የተሳለ እንዲሆን፣ አንዱ እንስሳ ሌላው እያየ እንዳይታረድ መጠንቀቅ ከጸሎቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው።

የቅዱሳን ታሪክ ከሕግ የሚያልፈውን ደረጃ ያሳያል። የዝቋላው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ያለ አንበሶቻቸውና ነብሮቻቸው አይሣሉም፤ በብዙ ሥዕሎች ላይም የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ትታያለች። ጻድቁ አውሬ ያላመዱ ሰው ተብለው አይደለም የሚከበሩት፤ በእርሳቸው ዙሪያ ከውድቀት በፊት የነበረው ሰላም ተመልሶ ስለታየ ነው። በኢትዮጵያ ገዳማት ከሚነበቡት ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱን የጻፈው ማር ይስሐቅ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ለአጭር ጊዜ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ የዮናስ እንስሳት ከተማ ማለት ነው። ርኅሩኅ ልብ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ለሰው፣ ለወፍ፣ ለአራዊት፣ ለአጋንንት እንኳ ሳይቀር የሚነድ ልብ እንደሆነ፣ በማናቸውም ፍጥረት ላይ ትንሽ ጉዳት ሲደርስ ማየት እንደማይችል አስተምሯል። ከዚህ ከፍ ያለ አነጋገር በክርስትና ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። ኅዳር 8 የሚከበረው የአርባዕቱ እንስሳ በዓል ደግሞ ነገሩን እስከ እግዚአብሔር መንበረ መንግሥት ድረስ ያደርሰዋል። ስንክሳር እንደሚለው የሰው ገጽ ያለው ስለ ሰው፣ የአንበሳ ገጽ ያለው ስለ አራዊት፣ የላም ገጽ ያለው ስለ እንስሳት፣ የንስር ገጽ ያለው ስለ አዕዋፍ ይለምናሉ። በምድር አፉ የተዘጋው በሰማይ ጠበቃ አለው። በምዕራቡ ዓለም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል እንስሳትን ይባርካሉ፤ በሐረርጌ ሲያገለግሉ የኖሩት የካፑቺን አባቶችም የዚሁ ቅዱስ ልጆች ናቸው። ለተዋሕዶ ምእመን ግን ቀኑን ከውጭ መዋስ አያስፈልገውም፤ ኅዳር 8 አለለት።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የበሬውን ሕግ ጠቅሶ እግዚአብሔር ስለ በሬዎች ገዶት ነውን ብሎ እንደጠየቀ ይጠቀሳል። ሐዋርያው በዚያ ቦታ የሚናገረው ስለ ወንጌል ሠራተኞች ደመወዝ ነው፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየወጣ ይከራከራል። ክርክሩ የሚቆመው ደግሞ በሬው በእውነት መብላት ሲገባው ብቻ ነው፤ ትንሹ ሐሰት ከሆነ ትልቁ አይከተልም። ያው ሐዋርያ ለሮሜ ሰዎች ፍጥረት ሁሉ በአንድነት እየቃተተ የእግዚአብሔርን ልጆች መገለጥ እንደሚጠባበቅ ጽፏል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመንደር የሚመጣ ነው፦ ሰው እየተራበ ስለ ውሻና ስለ አህያ ማሰብ የጠገበ ሰው ሥራ ነው ይባላል። ይህ አባባል በጥሞና ሊመለስ ይገባል፤ የሚናገረው ሰው ረኃብን ያውቃልና። ነቢዩ ናታን ለዳዊት በተናገረው ምሳሌ ግን ከልጆቹ ጋር ያሳደጋትን፣ ከጉርሱ የሚያጎርሳትን፣ በብብቱ የምትተኛውንና እንደ ልጁ የነበረችውን በግ የያዘው ድሃው ነው። ባለጠጋው መንጋ እንጂ ወዳጅ አልነበረውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በቤት ውስጥ ተወድዶ ያደገ እንስሳ በግልጽ የሚታየው በድሃ ቤት ነው። በድሬዳዋም የአህያ ቁስል መጀመሪያ የሚያስርበው የባለ አህያውን ልጆች ነው፤ አህያው ሳምንት ሲተኛ ቤቱ ሳምንት ገቢ የለውም።

ውሻ ከሁሉም የከበደ ዕጣ አለው። በተዋሕዶ ሥርዓት ውሻ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ሙስሊሙ ጎረቤትም ለጸሎት ንጽሕናው ሲል ከውሻ ይርቃል። ሥርዓቱ ስለ ቅዱስ ስፍራ ክብር የተሠራ ነው፤ ድንጋይ የመወርወር ፈቃድ ግን በውስጡ የለም። ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ረጅሙን መንገድ ሲሄድ ውሻው እንደተከተላቸው መጽሐፈ ጦቢት ሳይረሳ ጽፏል። የባለጠጋው ቤተሰብ ዞር ብሎ ያላየውን የአልዓዛርን ቁስል የጎበኙት ውሾች ናቸው። በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ስላጠጣና ኃጢአቱ ስለተሰረየለት ሰው የሚነገረው ሐዲስ በሰፊው ይታወቃል። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ሃይማኖቶች በዚህ ነጥብ ላይ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

ለውሻ የሚደረገው ትልቁ እንክብካቤ ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በሰውም በእንስሳም ላይ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። በኢትዮጵያ ከተሞች ለረጅም ጊዜ የተለመደው መፍትሔ መርዝ የተቀባ ሥጋ መበተን ነበር። መርዙ ውሻውን በስቃይ ይገድለዋል፤ በሽታውን ግን አያጠፋም፤ የተገደለው ውሻ ቦታ በሌላ ባልተከተበ ይሞላልና። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገይ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ብዙ ምእመን መጀመሪያ ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ ባስተማሩበት መንገድ፣ የእብድ ውሻ ክትባትንም ከጠበሉ ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል። መዘግየት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

የቤት እንስሳ ሲሞት ልጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ይቀራል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንስሳ በደመ ነፍስ እንደሚኖር፣ የሰው ነፍስ ግን ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት እንደሆነች ይለያል፤ ስለዚህ ለእንስሳ ፍትሐት አይደረግም። ኢሳይያስ ግን ስለሚመጣው መንግሥት ሲናገር ተኩላውን ከበግ ጠቦት ጋር ያኖረዋል፤ ጳውሎስም የፍጥረትን አርነት ተስፋ ያደርጋል። ከዚህ አልፎ እገሌ የሚባለው ውሻ ይነሣል ብሎ ለልጅ ቃል መግባት ትምህርቱ የማይሸከመው ነገር ነው፤ ፈጣሪ አይረሳውም ማለት ግን ይቻላል። ከአምስቱ ድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደማትረሳ ጌታ ተናግሯልና።

የመጨረሻው ፈተና ያረጀ አህያ ነው። ውሻ ሲያረጅ በደጅ ይኖራል፤ በሬ ሲያረጅ ይታረዳል፤ አህያ ግን አይበላም፣ አይሸከምም፣ ስለዚህ ከከተማ ውጭ ተነድቶ ለጅብ ይተዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ አህያ ያለባት ናት። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ባሰማው ቁጣ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድን በአህጉሩ አገዱ። ሕዝቡ አህያ እንዳይታረድ መቆጣቱ ያስመሰግናል፤ ያው አህያ ጉልበቱ ሲደክም በሕይወቱ ለጅብ ሲተው ዝም ማለቱ ግን ከቁጣው ጋር አይስማማም። ዕድሜውን ሙሉ ለሠራ እንስሳ ቢያንስ ጥላ፣ ውኃና ግጦሽ ይገባዋል፤ ሊድን በማይችል ሕመም ላይ ከሆነም በእንስሳት ሐኪም መርፌ ያለ ስቃይ መሞት ይችላል። ወጪው ለአንድ አሸዋ ጫኝ ብቻውን ይከብዳል። ሰው ሲሞት የሚቀብር ዕድር በየሰፈሩ ባለበት ከተማ፣ ባለ አህያዎች በወር ጥቂት ብር አዋጥተው የራሳቸውን ዕድር ማቋቋም ይችላሉ፤ ሰበካ ጉባኤያትም የእንስሳት ሐኪም ኅዳር 8 ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ቁስል እንዲያይና ውሾችን እንዲከትብ ከከተማው የግብርና ቢሮ ጋር ሊነጋገሩ ይችላሉ።